ከረጢት ሙሉ ስልክ

ሃና ወደ ሰገነቱ የወጣችው ሬሳ ፍለጋ አልነበረም፤ ጄኔሬተር ፍለጋ ነበር። መብራት ድንገት ሄዶ የጥልፍ መኪናዋ ሥራ መሐል ቀጥ ብሎባታል፤ ወንድሟ የኔሰው ደግሞ ማልዶ ክር ሊገዛ ወጥቷል። በሐምሌ ጭጋግ ውስጥ እየተነጫነጨች ደረጃውን ወጣች። ጄኔሬተሩ ግን ዘወትር በሚቀመጥበት፣ ከተከራዩ ከዘርዓብሩክ የቆርቆሮ ክፍል ውጭ ካለው ጥላ ሥር፣ አልነበረም።

«ዘርዓብሩክ ዝናብ እንዳይመታው አስገብቶት ይሆናል» አለች ለራሷ። የክፍሉ በር በውጭ በኩል በመንጠቆ ተይዟል። መንጠቆውን አነሳችና ገፋችው።

መጀመሪያ የተቀበላት ሽታ ነው፤ ታፍኖ ያደረ የተቃጠለ ቤንዚን። ቀጥሎ ጄኔሬተሩን አየች፤ ነዳጁን ጨርሶ ወለሉ መሐል ቁጭ ብሏል። ከመጋረጃው ወዲያ ዘርዓብሩክ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። ፊቱ ቀላ ብሎ ጤነኛ ይመስላል። «ዘርዓብሩክ! ኧረ ተነስ» ብላ እግሩን ነካችው። እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር።

ጩኸቷ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድረስ ተሰምቷል ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

እዚህ ላይ ስለ ቤቱ ትንሽ ካልተባለ ነገሩ አይገባም። ቤቱ የእማማ ካሳነሽ ነው፤ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ቀለሙን ዝናብ የላጠው። የተከራዩት ሁሉ ነጋዴዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ሱቅ የላቸውም። ሱቃቸው ስልካቸው ነው። ምድር ቤት ማኑሄ ጋቢና ነጠላ እየሸመነ በቴሌግራም ይሸጣል። አንደኛ ፎቅ ሃና የሕፃናት ልብስና ቆብ ትጠልፋለች፤ የኔሰው ያግዛታል። ሁለተኛ ፎቅ እትዬ ፋሲካ የሕፃናት ዱቄት ወተትና ዳይፐር ትነግዳለች። ሰገነቱ ላይ ደግሞ ስልክ ጠጋኙ ዘርዓብሩክ ይኖር ነበር።

በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ከሰፈሩ ጠፋ። አንዱ ገመድ ተቆርጦ ነው ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል፤ እርግጡን የነገራቸው የለም። ስልክ መደወል ይቻላል፤ ፎቶ መላክ፣ ትዕዛዝ መቀበል ግን ቀረ። ደንበኛ እንደሆነ አይጠብቅም፤ መልስ ካጣ ወደ ሌላው ይሄዳል። ያኔ ዘርዓብሩክ አንድ መላ አመጣ። በየማለዳው የሁሉንም ስልክ በከረጢት ሰብስቦ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ኢንተርኔት ወዳለበት ወደ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። እዚያ ቁጭ ብሎ ትዕዛዙ ሁሉ እስኪገባ ይጠብቃል፤ የተዘጋጀውን መልስ ይልካል፤ ከሰዓት በኋላ ከረጢቱን ይዞ ይመለሳል። እስቲ አስቡት፤ ሰው ስልኩን ከነመክፈቻ ቁጥሩ ለጎረቤት ይሰጣል? እነዚህ ሰጡ። ገበያ የጠፋበት ሰው ምን ምርጫ አለው?

የኔሰው ግን አልወደደውም። «የእህቴን መልእክት ሲያነብ የሚውል ወንድ!» ይል ነበር። በዚያው ሳምንት ደረጃው ላይ ከዘርዓብሩክ ጋር ተጋጭቶ፣ «አንድ ቀን እዚያው ሰገነትህ ላይ ድፍት ትላለህ!» ብሎ ጮኋል። የሰማው ሁሉ ሰምቷል።

ኢንስፔክተር በላይነሽ ሁለት ፖሊሶች አስከትለው፣ የጎማ ቦት ተጫምተው ጭቃውን እየረገጡ መጡ። አጭር ናቸው፤ ጡረታቸው ተቃርቧል፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሬሳውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ምስማር ላይ የተሰቀለውን፣ ገና ያልደረቀውን ጃኬት ዳሰሱ። ከአልጋው ሥር ባዶ የክኒን ማሸጊያ አነሱ። ከረጢቱን ከፍተው ስልኮቹን አንድ በአንድ አወጡ፤ የሃና፣ የማኑሄና የሁለት ጎረቤቶች ነበሩ።

ግቢው ሁሉ «አደጋ ነው» ብሎ ጨርሷል። «ጄኔሬተሩን ከዝናብ ሊያድን አስገብቶ፣ ጭሱ ገደለው። ምስኪን!»

ኢንስፔክተሯ ሃናን ጠሯት።

«በሩን እንዴት ከፈትሽው?»

«ገፋሁት።»

«ዝም ብለሽ ገፋሽው?»

«አይ፣ መጀመሪያ መንጠቆውን አንስቼ...»

«መንጠቆው በየት በኩል ነው?»

«በውጭ።»

«ልጄ፣ ውስጥ የተኛ ሰው በውጭ በኩል በራሱ ላይ አይዘጋም» አሉ ኢንስፔክተሯ በቀስታ።

ሃና እስከዚያች ደቂቃ ያዘነች ሴት ነበረች፤ ከዚያች ደቂቃ ወዲያ የፈራች ሴት ሆነች። ሌባ ከውጭ አልመጣም፤ የግቢው በር ሁልጊዜ ዝግ ነው፣ ቁልፉም እማማ ካሳነሽ ወገብ ላይና ማልዶ በሚወጣው በዘርዓብሩክ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። የዘጋው ሰው አብሯቸው ይኖራል። አብሯቸው በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ ሰገነት የወጣ ሰው አይተሻል?»

አይታለች። የኔሰው ወጥቷል። ፊቱን አጨፍግጎ ወጥቶ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ ሲወርድ አይታዋለች።

«አላየሁም» አለች ሃና።

ጥያቄው በእማማ ካሳነሽ ሳሎን ቀጠለ። መጀመሪያ ማኑሄ ተናገረ። «ዝናቡ ሲጥል ሽመናዬ ላይ ነበርኩ። አመሻሽ ላይ፣ የጄኔሬተሩ ድምፅ ከጠፋ በኋላ፣ ስልኬን ልቀበል ወጣሁ፤ መንጠቆው ተይዞ ሳይ አልተመለሰም ብዬ ወረድኩ። አለማንኳኳቴ ይቆጨኛል።»

እትዬ ፋሲካ ዓይኗ አብጦ ነበር። «እኔ ዘርዓብሩክን ትናንት ከነጋ ጀምሮ አላየሁትም። ትናንትማ ስልኬንም አልሰጠሁት፣ ባትሪው ሞቶ። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ እኔ መነገዴንም ረስቼዋለሁ፣ ኢንስፔክተር።»

«እውነቷን ነው» አሉ እማማ ካሳነሽ። «ቀኑን ሙሉ ከግቢ ንቅንቅ አላለችም፤ ከእኔ ጋር ምስር ስትለቅም ነው የዋለችው። ዝናቡ ሲመጣ የተሰጣ ልብሷን ልታስገባ ተነሳች እንጂ የትም አልሄደችም።»

የኔሰው ክሩን ይዞ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። የተፈጠረውን ሲነግሩት መጀመሪያ ያየው ሃናን ነበር። ከዚያ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ትናንት ወደ ሰገነት እኔ ወጥቻለሁ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ውጭ ትቼው ነው የወረድኩት። ገና አልዘነበም፤ በሩም በመንጠቆ ተይዞ ነበር፣ እሱ ስላልመጣ። ከእኔ በቀር ያንን ጄኔሬተር የሚነካ የለም።»

ኢንስፔክተሯ በመነጽራቸው አናት ላይ ሃናን አዩዋት። «እህትህ አላየሁም ብላኛለች።»

ከውሸቷ ይልቅ ሃናን ያቃጠላት የኔሰው ያያት አስተያየት ነበር። ለምን እንደዋሸች የገባው መሰላት። እጁን ሳያስቸግር ለፖሊሶቹ ሰጥቶ ወጣ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሃና ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ኮቴ በተሰማ ቁጥር የበሩን መወርወሪያ ትፈትሻለች። ማኑሄ ቢሆንስ? ሰላምተኛ ነው፤ ሰላምተኛ ሰው አይገድልም ያለው ማን ነው? ወይስ... የመጨረሻዋን ሐሳብ ልትጨርሳት አልደፈረችም። የኔሰው ሲናደድ ዓይኑ እንደሚጨልም ከልጅነቷ ታውቃለች።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ፋሲካ ነበረች፣ ሾርባ ይዛ።

«ብቻሽን አትደሪም፤ አብሬሽ አድራለሁ» አለች። ፀጉሯን ዳበሰቻት፤ እንደ እናት። «በይ ይቺን ክኒን ዋጫት፤ የጉንፋን ናት፣ ግን ድብን አድርጋ ታስተኛለች።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች ሃና። ክኒኗን ግን አልዋጠችም፤ መተኛት ራሱ አስፈርቷታል። እፍኟ ውስጥ ይዛት አደረች፤ አጠገቧ እትዬ ፋሲካ በሰላም ታንኮራፋለች።

በነጋው ኢንስፔክተሯ ብቻቸውን መጡ። የሃናን የሥራ ጠረጴዛ እየተዟዟሩ አዩ፤ ቆቦቹን እያነሱ አገላበጡ።

«ውሸቱን እንተወው» አሉ። «ወንድም ነው፤ ገብቶኛል። ስለ ሥራሽ ንገሪኝ። ኢንተርኔት የለም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ቁርጥራጭ ክር ከየት መጣ?»

«እየሠራሁ አስቀምጣለሁ። ሰሞኑን የተሸጠ የለም» አለች ሃና። ከዚያ እንደ ትዝታ፣ «ሁለት ቆብ ብቻ ለእትዬ ፋሲካ ሰጥቻለሁ። ዘርዓብሩክን ባገኘሁበት ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ።»

«ለማን?»

«ለደንበኛዋ መንታዎች። በዚያው ቀን ጠዋት ነው የተወለዱት። ሲያምሩ! አባታቸው በሚጢጢዬ ሐምራዊ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ፎቶ አንስቷቸዋል፤ ቀለሙን እያየሁ ነው ክር የመረጥኩት።»

ኢንስፔክተሯ ቆቡን በቀስታ አስቀመጡ። «ዕቃውን ማን ወሰደላት?»

«ሞተረኛ። ትናንት በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል መጥቶ ወሰደ።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ሌላስ? የፈራሽው ነገር አለ? ስትናገሪ እጅሽን ጨብጠሻል።»

ሃና ጣቶቿን ፈታች። ላቧ ያረጠባት ክኒን መዳፏ ላይ ተጣብቃለች። «እትዬ ፋሲካ እንድተኛ ብላ የሰጠችኝ ናት።»

ኢንስፔክተሯ ክኒኗን በመሐረብ ጠቀለሉ። «እስክመለስ ድረስ ከማንም እጅ ምንም እንዳትቀምሺ» አሏትና ወጡ። ሃና የዚያን ቀን ውሃ እንኳ ከራሷ ቧንቧ ካልሆነ አልጠጣችም። በዚያ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ያለውን ስም ግን ልቧ ሊቀበለው እምቢ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በእማማ ካሳነሽ ሳሎን ተሰበሰቡ። የኔሰው ከሁለት ፖሊሶች መሐል ተቀምጧል፤ ከስቷል። ማኑሄ ጣቶቹን ያፍተለትላል። እትዬ ፋሲካ ከሃና ጎን ተቀምጣ እጇን ይዛታለች። የወተት ጣሳ የያዘ ፌስታል ኢንስፔክተሯ እግር ሥር ተቀምጧል።

«ከመንጠቆው እንጀምር» አሉ ኢንስፔክተሯ። «መንጠቆው ዘርዓብሩክን ለማፈን ብቻ አልተዘጋም። በውጭ ተዘግቶ ያየው ሁሉ ‹ገና አልተመለሰም› እንዲል ነው። አቶ ማኑሄም እንደዚያ ብለው ወረዱ። ስለዚህ ገዳዩ፣ ዘርዓብሩክ መመለሱን ያወቀ ብቸኛ ሰው ነው። እስካሁን ተግባብተናል?»

«ተግባብተናል» አሉ እማማ ካሳነሽ፤ ምስር መልቀማቸውን ትተው።

«የተመለሰው መቼ ነው? ጃኬቱ ርጥብ ነበር፤ ስለዚህ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። የኔሰው ጄኔሬተሩን ያስነሳው ከዝናቡ በፊት ነው፤ አቶ ማኑሄ፣ ድምፁን መቼ ሰሙት?»

«ዝናቡ ሳይጀምር፣ ሽመና ላይ ሆኜ» አለ ማኑሄ።

«ስለዚህ የኔሰው ሲወጣ ክፍሉ ባዶ ነበር። ተመልሶ ሊወጣ ይችል ነበር ትሉኛላችሁ፤ ልክ ነው። ለዚህ ነው ይዤው የቆየሁት። አሁን ግን ከዘርዓብሩክ መመለስ በኋላ በእርግጥ ያገኘው ማን እንደሆነ እንፈልግ። ወይዘሮ ፋሲካ፣ ለመንታዎቹ ሁለት ቆብ ገዝተዋል?»

የፋሲካ እጅ በሃና እጅ ላይ ጠበቅ አለ። «አዎ። ደንበኛዬ ናት፤ ደውላ ነግራኝ።»

«ደውላ ቀለሙን ነገረችዎት?»

«አዎ።»

«ሃና፣ ቀለሙን እንዴት አወቅሽ?»

ለሃና አሁን ገባት፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። እጇን ልትስብ ሞከረች፤ ፋሲካ አልለቀቀቻትም።

«ፎቶ... ፎቶ አሳይታኝ» አለች።

«ፎቶ በድምፅ ጥሪ አይገባም» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ሞተረኛውን አገኘሁት፤ እሱ ወደ መንታዎቹ አባት ወሰደኝ። ልጆቹ የተወለዱት ዘርዓብሩክ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጦር ኃይሎች በሄደበት ጠዋት ነው። አባትየው ፎቶውን በቴሌግራም የላከው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ እሱም ሆነ ሚስቱ ደውለውላቸው አያውቁም። ያ ፎቶ አመሻሽ ላይ እዚህ ሰፈር፣ በዚህች ሴት ስልክ ውስጥ ነበር። እንግዲህ ባትሪው ሞቷል የተባለው ስልክ በዚያ ቀን ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ደርሶ ተመልሷል። ማን ወሰደው?»

«ራሴ ወጥቼ ነው!» አለች ፋሲካ። «ታክሲ ይዤ ሄጄ ነበር።»

«ኧረ ፋሲካ!» አሉ እማማ ካሳነሽ፤ ሳያስቡት። «ከእኔ ጋር አልነበርሽም እንዴ? በሩን ማን ከፈተልሽ?»

ፋሲካ ዓይኗን ወደ በሩ ሰደደች።

«አያችሁ» አሉ ኢንስፔክተሯ፤ «ነጻ ያወጣት ምስክር ነው ያሰራት። ስልኩን የወሰደው ዘርዓብሩክ ነው። የሌሎቹ ስልኮች ሁሉ ከረጢቱ ውስጥ ሲገኙ የእሷ ብቻ ወጥቷል። እዚያ የተሰጣ ልብስ ላስገባ ብላ በዝናብ ወደ ሰገነቱ ስትወጣ ከእጁ ተቀብላዋለች። ‹ከነጋ ጀምሮ አላየሁትም› ያለችን ሴት።»

ቀጥለው ፌስታሉን ከፈቱ። «እነዚህ ለመንታዎቹ የተላኩት ጣሳዎች ናቸው። ደግነቱ ገና አልተከፈቱም። የማለቂያ ቀናቸው ተፍቆ ሌላ ተጽፎበታል። ዘርዓብሩክ ጦር ኃይሎች ሳለ በራሱ ስልክ አንዲት የማናውቃት ሴት ጋ ደውሎ ነበር። እኔም ደወልኩላት። ልጇን ታቅፋ ሆስፒታል ነበረች። ‹ልጄ በወተትሽ ታመመብኝ› ብላ ለወይዘሮ ፋሲካ የጻፈችውን እሱ አንብቦታል። ‹ያንን ወተት ጣይው፤ የቀረውን ለእኔ ተይው› አላት። ልጁ ድኗል። ያዳነው ሰው ግን ያን ምሽት አላየም።»

ፋሲካ የሃናን እጅ ለቀቀች።

«አንድ ቀን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት» አለች፤ ድምፅዋ ባዶ ነበር። «‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ክኒን ሰጠሁት፣ ተኛ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ እውነቴን ነው። ጄኔሬተሩ ውጭ ይጮሃል... እኔ ሰው አልገደልኩም። ጄኔሬተር ነው ያስገባሁት።»

ማኑሄ አማተበ።

«ክኒኑ ከአልጋው ሥር ባገኘሁት ማሸጊያ ውስጥ የነበረው ነው፤ ያንኑ ለሃናም ሰጥተዋታል» አሉ ኢንስፔክተሯ ብድግ እያሉ። «የሚገርመኝ ቆቡ ነው። ለምን? ፎቶውን ለሃና እንዲያሳዩ የጠየቀዎት አልነበረም።»

«ደንበኛዬ እየጠበቀ ነበር» አለች ፋሲካ፤ የጠየቋት ነገር የገባት አትመስልም። «መልስ ካጣ ይሄዳል።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው» አሉ ኢንስፔክተሯ። ፖሊሶቹ የኔሰውን ትተው ወደ ፋሲካ ዞሩ። ሌሎች እናቶች ጋም ያን ጠዋት በስልክ እየተደወለ ወተቱን እንዲጥሉ ተነገራቸው።

ቤቱ ጭር ሲል ሃና ለወንድሟ ዳቦና ሻይ አቀረበች። ፊቱን ማየት አቃታት። እሱ ግን ቀደማት።

«እኔ ነኝ ብለሽ ነበር፣ አይደል?»

መዋሸት ትችል ነበር። አንድ ጊዜ ዋሽታ ያመጣችውን ግን አይታለች።

«አዎ» አለች። «ፈራሁህ፣ የኔሰው። ይቅር በለኝ።»

የኔሰው ዳቦውን ቆረሰ። «እኔም አንቺን ነበር የመሰለኝ።»

«እኔን?»

«መልእክትሽን ያነባል እያልኩ ስጮህ አንቺ ዝም ትይ ነበር። የሆነ ነገር አይቶብሽ ይሆናል አልኩ። ቤት ስገባ ደግሞ ፊትሽ የገዳይ ፊት ይመስል ነበር። ሳልጠየቅ ወጥቻለሁ ያልኩት ለምን ይመስልሻል?»

«ብሆንስ ኖሮ?» አለች ሃና።

«ታስሬልሽ እቀር ነበር» አለ፤ ዳቦውን እያኘከ፣ እንደ ተራ ነገር።

ያኔ ሃና አለቀሰች። ዘርዓብሩክን ካገኘችበት ጠዋት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።